የሐኪሟ ድስት

አንዲት ሐኪም በባሕር ዳር በተቆረቆረች ጥንታዊ ከተማ ትኖር ነበር። ስሟ ጸዳል ይባላል። ዘመኑ በጣም ሩቅ ነው፤ ነገሥታት በዕጣንና በዝሆን ጥርስ የሚነግዱበት፣ መርከበኛ ነፋስ እስኪዞርለት ወራት የሚጠብቅበት ዘመን ነው። «በዚያን ጊዜ ሴት ሐኪም ከየት መጣች?» የሚል አይጠፋም። ሴት ሐኪሞችስ ነበሩ፤ ስማቸውን የሚጽፍላቸው ነው የጠፋው። የዚህ ታሪክ ጣጣም የሚጀምረው ከዚሁ ከስም ነው።

በከተማዪቱ መካከል ቤተ ፈውስ የሚባል የሐኪሞች ቤት ነበር። በደጁ ትልቅ የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። አዲስ መድኃኒት ያገኘ ሰው ወደዚያ ቤት ይዞ ይመጣል፤ ሐኪሞቹ ይፈትኑታል፤ መሥራቱ ከተረጋገጠ የመድኃኒቱ ስምና ያገኘው ሰው ስም በዓምዱ ላይ ይቀረጻል። ሥርዓቱ መልካም ሥርዓት ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። የሴት ስም በዓምዱ ላይ አይቀረጽም። ሴት ያገኘችው መድኃኒት በባሏ ስም ይጻፋል፤ ባል ከሌላት በአባቷ ስም፤ ሁለቱም ከሌሉ በቤተ ፈውሱ አለቃ ስም።

ጸዳል ገና በወጣትነቷ ባሏን ባሕር ወሰደባት። አባቷም ቀደም ብሎ አርፎ ነበርና ናርዶስ የምትባል ሕፃን ልጇን ይዛ ብቻዋን ቀረች። ከአባቷ የወረሰችው ሀብት ቅጠልና ሥር መለየት ብቻ ነበር። በከተማዪቱ ዳርቻ፣ ጨው ሜዳ በሚባል ሰፈር፣ ጨው የሚቆፍሩ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ የጨው አቧራና የፀሐይ ነጸብራቅ ሲጋፈጡ እየዋሉ ዓይናቸው ይቀላል፣ ይመግላል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ጸዳል ለዚህ ሕመም መድኃኒት ስትፈልግ ዓመታት ፈጀች። አንዱን ስትጥል ሌላውን ስታነሣ ቆይታ የሚያድን ቅባት አገኘች። ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ቅባቱን በትንሽ ማሰሮ ይዛ ወደ ቤተ ፈውስ ሄደች።

አለቃው አዩ፣ ፈተኑ፣ ወደዱትም። «በርቺ ልጄ፣ እጅሽ የተባረከ ነው» ብለው መርቀው ሸኟት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያ በኩል ስታልፍ ጠራቢው በዓምዱ ላይ አዲስ ጽሑፍ ሲቀርጽ አየችው። ማንበብ አትችልምና ምን እንደሚጽፍ ጠየቀችው። ጠራቢውም የዓይን ቅባት መሆኑን ነገራት፤ የማን ስም እንደሆነ ስትጠይቀው ደግሞ የአለቃውን ስም ጠራላት። ጸዳል በዚያው እግሯ ወደ ውስጥ ገባች።

«ጌታዬ፣ ይህን ቅባት ያመጣሁት እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ ነሽ እንጂ።»

«ታዲያ የእኔ ስም የት ሄደ?»

«ባል የለሽ፣ አባት የለሽ፤ ማን ላይ ልጻፈው?» አሉ አለቃው፣ ሳይቆጡ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም? ደግሞስ ሕመምተኛው ከዳነ የማንም ስም ቢጻፍ ምን ይጎድልብሻል?»

የመጨረሻው ጥያቄ መልካም ጥያቄ ነው። ክፋቱ የጠየቀው ስሙ የተጻፈለት ሰው መሆኑ ነው። ጸዳል ወጣች። ልቧ ሻከረ። ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ አለቀሰች፤ አልቅሳ ስትጨርስም ከእንግዲህ ከእጇ ወጥቶ የሚወሰድ ነገር እንዳይኖር ቆረጠች።

በከተማዪቱ ከዓይን ሕመም የከፋ ሌላ ነገር ነበር። ሴቶች በሰላም ይገላገሉና ደማቸው አልቆም ብሎ ይሞታሉ። እልልታው ሳያልቅ ልቅሶ ይተካል። ቤተ ፈውስ ለዚህ መድኃኒት አልነበረውም፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አልፈለገለትም። ምጥ የጓዳ ጉዳይ ነው ተብሎ ለሴቶች ተትቶ ነበር። ጸዳል ግን ነገሩን ያዘችው። ፍየል ከሚያረቡ ሴቶች እንደሰማችው፣ ከገደል ሥር የሚበቅል አንድ ቀይ ሥር አለ፤ የወለደች ፍየል እሱን ከበላች ደሟ ቶሎ ይቆማል። ጸዳል ሥሩን አምጥታ አፈላችው፤ አልሠራም። አብዝታ አፈላችው፤ አሁንም አልሠራም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ በተወው ነበር። እሷ ግን ወደ ገደሉ ተመልሳ ተቀመጠችና ፍየሎቹን ስትመለከት ዋለች። ፍየል ድስት እንደሌላት ያን ጊዜ ነው የታያት።

ጥሬውን ሥር ወቅጣ በቀዝቃዛ ውኃ ጨምቃ ሞከረች፤ ሠራ። ደጋግማ ፈተነችው፤ ሁልጊዜ ሠራ። ሥሩ እሳት ካገኘው ኃይሉን ያጣል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ከተጨመቀ ግን ደም ያቆማል። ምሥጢሩ ይኸው ነበር። ሙቀጫና አንድ እንስራ ውኃ ያለው ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል።

ጸዳልን ያስፈራት ደግሞ ይኸው ቅለቱ ነው። አንድ ሰው አንዴ ቢያየው በማግስቱ በአለቃው ስም ተቀርጾ ልታገኘው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ስለዚህ ድስት ጣደች።

ድስቱ ትልቅ የሸክላ ድስት ነበር። በግቢዋ መካከል፣ ከቤቷ ደጃፍ ፊት ለፊት፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ጉልቻ ላይ ተቀመጠ። ወላድ በመጣች ቁጥር ጸዳል ሰባት ዓይነት ቅጠል በየተራ እያነሣች ትጨምርበታለች፤ በመጨረሻም ሥሩን ትጥልበታለች። በግራ ታማስላለች፣ በቀኝ ታማስላለች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የሆነ ነገር ታንሾካሹካለች። ከዚያ በዋንጫ ቀድታ ከመጋረጃው ጀርባ ትገባለች። እዚያ የቀዳችውን ደፍታ፣ ጥሬው ሥር ከተጨመቀበት እንስራ ሞልታ ትወጣለች። ሰዎች «እስኪበርድ ድረስ ትጸልይበታለች» ይሉ ነበር። ቅጠሎቹ አይጎዱም፣ አይጠቅሙም፤ ሥራቸው የሰው ዓይን መያዝ ብቻ ነበር።

ወላዶቹ ግን ይድኑ ነበር። ከጸዳል ግቢ በቃሬዛ የወጣች አራስ የለችም ተባለ። ዝናዋ ከባሕሩ ማዶ ተሰማ። የቤተ ፈውስ ሰዎች በሽተኛ አስታማሚ መስለው መጥተው ድስቱን አዩ፤ ቅጠሎቹን ቆጥረው ሄዱ፤ አፍልተው ሞከሩ፤ አልሠራላቸውም። ጸዳል ይህን ስትሰማ ለብዙ ጊዜ ርቋት የነበረ ደስታ ተሰማት። ሰው ተበድሎ ሲበቀል ደስ ይለዋል፤ እሷም ሰው ናት።

ሥምረት የምትባል ልጅ ነበረች፤ እናቷ በጸዳል እጅ ከሞት የተረፈች። ከፍ ስትል መጥታ «ያስተምሩኝ» አለች። ጸዳልም ተቀበለቻት። ሥምረት ታማኝ ነበረች፤ የታዘዘችውን አንድም ሳታጎድል የምትሠራ፣ ያየችውን የማትረሳ። ዓመታት አብራት ስትኖር ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ብቻ ተከለከለባት።

«እመይቴ፣ ሁሉንም አይቻለሁ» አለቻት አንድ ቀን። «የቀረኝ ጸሎቱ ብቻ ነው። መቼ ነው የሚነግሩኝ?»

«ትደርሺበታለሽ፣ ልጄ። መድኃኒት ሲነገር ኃይሉ ይሸሻል። አዋቂ የሚናገረው በመጨረሻው ቀኑ፣ በመረጠው ሰው ጆሮ ነው። የእኔ ጆሮ አንቺ ነሽ።»

ይህ የአገሩ ልማድ ነበር። አባት መድኃኒቱን ለልጁ የሚነግረው ሊሞት ሲል ነው፤ ቀድሞ ከተናገረ ቅጠሉ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል ይባላል። ማንኛውንም ነገር ሳትፈትን የማትቀበለው ጸዳል ይህን አባባል ግን አንድም ቀን አልፈተነችውም። ተመችቷት ነበርና።

ሌላ ቀን ደግሞ ሥምረት ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች።

«እመይቴ፣ የጨው ሜዳ አዋላጆች የርስዎን ድስት ጥደዋል አሉ። ሰባቱንም ቅጠል አውቀውታል።»

ጸዳል ሳቀች። «ያፍሉት» አለች፤ «ቢያንስ ቤታቸው ይሞቃል።»

ሥምረትም አብራት ሳቀች፤ ለምን እንደሚሳቅ ግን አልገባትም። እዚያ ማዶ የሚፈላውን ማን እንደሚጠጣው ያን ቀን ሁለቱም አላሰቡም።

ናርዶስ አደገች፣ አገባች፣ አረገዘች። እንደ አገሩ ወግ የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት ልትወልድ መጣች። ጸዳል ከልቧ ደስ አላት። አልጋ አነጠፈች፣ ቅቤ አስቀመጠች፣ ሥሩንም ራሷ ገደል ወርዳ ለቀመች።

«ሌሎቹ ምጥ ይፈራሉ፣ እማዬ» ትላታለች ናርዶስ። «እኔ ምን አስፈራኝ? አንቺ እያለሽልኝ።»

አንድ ማለዳ ጸዳል ከእንቅልፏ ልትነሣ ስትል ቀኝ ጎኗ አልነሣም አላት። ሰው ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ወጣ፣ ቃል ግን አልነበረውም። ሐኪም ናትና ምን እንደደረሰባት ወዲያው አወቀች። ያሰበችው ግን ስለ እጇም ስለ እግሯም አልነበረም። በዚህ ዓለም ላይ ምሥጢሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አሁን መናገር አይችልም። የናርዶስ ቀን እየደረሰ ነው።

ሥምረት ከአጠገቧ አልራቀችም። ጆሮዋን ወደ አፏ አስጠግታ «ጸሎቱን ብቻ ይንገሩኝ፣ እመይቴ» ትላታለች። ጸዳል ትታገላለች፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ቃል አይመጣም። ጸሎት የሚባል ነገር እንደሌለ ልትነግራት ራሷን ትወዘውዛለች፤ ሥምረት ግን «ገና ነው፣ ቀኑ አልደረሰም ማለታቸው ነው» ብላ ትጽናናለች። ጸዳል በደህናው ግራ እጇ ወደ ውኃው እንስራ ትጠቁማለች። ሥምረት ሮጣ ውኃ ቀድታ ታጠጣታለች። እንደገና ትጠቁማለች። «አሁንም ጠምቷቸዋል» ትላለች ሥምረት፣ እንደገና ትቀዳለች። አንድ ቀን የቅጠሎቹን ቅርጫት በእጇ ገፍታ በተነችው። ሥምረት ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ለቅማ፣ አቧራቸውን አራግፋ መለሰቻቸው። ጸዳል በዚያ ሰሞን ውኃዋን የምትጠጣው እያለቀሰች ነበር።

ናርዶስም እናቷ የምታለቅሰው ስለ ሕመሟ መስሏት ከመደቡ ጫፍ ተቀምጣ ታባብላታለች። «አይዞሽ፣ እማዬ። አንቺ ባትችዪ ሥምረት አለችልኝ። ሁሉንም አስተምረሻታል።»

ቀኑ ደረሰና ናርዶስ ረፋዱ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። እልልታው ገና ከግቢው ሳይወጣ ደሟ አልቆም አለ። ሥምረት አልደነገጠችም። ድስቱ አስቀድሞ ተጥዶ ነበር፤ ቅጠሎቹን በየተራቸው ጨመረች፣ ሥሩን ጣለች፣ በግራ አማሰለች፣ በቀኝ አማሰለች። ጸዳል ከደጃፉ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተኝታ ሁሉንም ታያለች። ልጅቷ አንዲትም ነገር አልሳተችም። ውሸቱን እንደ እውነት ተምራው ነበር፤ አሁንም በሙሉ ታማኝነት እየሠራችው ነው። በዋንጫ ቀድታ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች፤ መምህሯ የምትጸልይበት ቦታ ነው ብላ ተንበረከከች፣ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ከልቧ ጸለየች። ሲበርድ አምጥታ ለናርዶስ አጠጣቻት።

ደሙ አልቆመም። «ትንሽ ልጨምርላት» ብላ ወደ ድስቱ ተመለሰች። የናርዶስ ከንፈር እየነጣ ሄደ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚሉት እንዲህ ያለውን ቀን ነው።

ጸዳል ከመደቡ ተንከባልላ ወደቀች። ሴቶቹ ሊያነሷት ሲመጡ በግራ እጇ ገፋቻቸው። በክንዷ እየተጎተተች ደፉን ተሻገረች፣ ጉልቻው ዘንድ ደረሰች፣ እጇን ወደሚፈላው ድስት ሰድዳ ገለበጠችው። እጇ ተቃጠለ። እሳቱ ጠፋ፣ ግቢው በእንፋሎት ተሞላ።

«አእምሯቸውን ሳቱ» አለች አንዲት ጎረቤት።

ጸዳል ከቅርጫቱ አጠገብ ከተከመረው ሥር አንዱን በተቃጠለ እጇ አነሣችና ለሥምረት ዘረጋችላት። ከዚያ ወደ እንስራው ጠቆመች።

ሥምረት ሥሩን አየች፤ የፈሰሰውን ድስት አየች፤ እንስራውን አየች። መምህሯ ያን ሁሉ ቀን ውኃ አልጠማትም ነበር።

«ጥሬውን?» አለች።

ጸዳል አዎን ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«በቀዝቃዛው?»

እንደገና ነቀነቀች። ሥምረት ሌላ አልጠየቀችም። ወቀጠች፣ ጨመቀች፣ አጠጣች። ጥቂት ቆይቶ ደሙ ቀነሰ፤ ከዚያ ቆመ። ናርዶስ ዓይኗን ገልጣ ልጇን እንዲሰጧት ጠየቀች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁላችንም ደስ ብሎን በተለያየን ነበር። እናት አወቀች፣ ልጅ ዳነች። ነገር ግን ከዚያች ግቢ ውጭም ድስት ተጥዶ ነበር።

ወራት አልፈው የጸዳል ምላስ ቀስ በቀስ ተፈታ። እየተጎተተም ቢሆን ቃሏ ይሰማል። ቤተሰቡ ምን ትናገር ይሆን ብሎ ሲጠብቅ እሷ ሥምረትን አስጠርታ «የጨው ሜዳ አዋላጆችን ጥሪልኝ» አለች።

ሥምረት ነገሩ ገባት። አብረው የሳቁበት ቀን ከእሷም ልብ አልወጣም ነበር፤ ያለ መምህሯ ፈቃድ ምሥጢሩን ማውጣት ግን አልደፈረችም።

«እመይቴ፣ አዲስ መድኃኒት አገኘሁ ይበሏቸው» አለች። «አሮጌውን ትተው አዲሱን ይይዛሉ። ከእንግዲህ ማንም አይሞትም። እውነቱን ከነገሯቸው ግን ይጠሉዎታል። ይህን ሁሉ ዘመን የደከሙበት ስምዎ ይጠፋል።»

ጸዳል ብዙ አሰበች። የሥምረት ሐሳብ ብልሃት ነበረው። ድስቱም ሲጣድ እንዲሁ ብልሃት ነበር።

«ጥሪያቸው» አለች።

አዋላጆቹ መጡ። የምትመራቸው ውዲት የምትባል ሸምገል ያለች ሴት ነበረች። ታላቋ ሐኪም የጠራቻቸው ልትቆጣቸው መስሏቸው ማር ይዘው ነው የመጡት። ገና ከመቀመጣቸው ውዲት ተነሥታ እጅ ነሣች።

«እመይቴ፣ ሳንጠየቅ እንናዘዝ» አለች። «ከድስትዎ ሰርቀናል። ወላድ ይዘን ስንመጣ ቅጠሎቹን በዓይናችን ይዘን ሄድን። ይቅር ይበሉን።»

ውዲት ቀጠለች።

«አምላክም ቀጣን። አንድ ቅጠል ሳናጎድል እያፈላን ሰጠን፤ እናቶቹ ግን ሞቱ። በእርስዎ እጅ የሚያድን በእኛ እጅ ምነው አቃተው ስንል፣ እጃችን ስለ ሰረቀ ረክሶ ነው አልን። የገዛ ልጄ በእነዚህ እጆቼ ላይ ነው የሞተችው። ከዚያ ወዲህ ወላድ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ማዋለዱን ተውኩት።» ይህን ብላ የማሩን ማሰሮ ወደ ጸዳል አስጠጋች።

ማሩን ተቀብላ ይቅር ብያችኋለሁ ብትል ሁሉም አመስግነው በሄዱ ነበር፤ ክብሯም እንደተከበረ ይኖር ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ውዲት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰው እንዳያያቸው አንዱን በአንዱ ሸፍናቸው ነበር።

«እጅሽ ንጹሕ ነው» አለች ጸዳል፣ ቃሉን እየጎተተች። «ድስቱ ነው ውሸቱ። ሰባቱ ቅጠል አንዳች አይሠራም። መድኃኒቴን ሰው እንዳይወስድብኝ የጣድኩት ነው። እናንተም እንደምታፈሉ ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ሳቅሁ።»

ከሴቶቹ አንዷ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ሌላዋ ተነሥታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ውዲት ግን ዓይኗን ከጸዳል አልነቀለችም።

«ልጅዎ ከሞት ተረፈች ብለውናል» አለች በመጨረሻ።

«ተርፋለች።»

«እንዴት ተረፈች?»

«ድስቱን ደፋሁት።»

«የእኔ ልጅ የጠጣችበትንስ ማን ይድፋላት ነበር?»

ጸዳል አቀረቀረች። ሥምረት ከኋላዋ ቆማ ታለቅስ ነበር።

ውዲት ተነሣች። ሁሉም ልትሄድ መሰላቸው። እሷ ግን መቀነቷን ጠበቅ አደረገች።

«የይቅርታውን ነገር ሌላ ቀን እናየዋለን» አለች። «አሁን ሥሩን ያሳዩን። ቀኗ የደረሰ ሴት ትተን ነው የመጣነው።»

ጸዳልም አሳየቻቸው። ውዲት በገዛ እጇ ወቀጠች፣ በገዛ እጇ ጨመቀች፤ መጀመሪያ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ እየቆየ ግን ረጋ። ሥሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከሴቶቹ ጋር ወደ መንደሯ ሄደች። ከዚያ በኋላ የጨው ሜዳ እናቶች ከዚያ ሞት ዳኑ ይባላል። ውዲት ለጸዳል ይቅርታ አድርጋላት እንደሆነ ግን የነገረን የለም፤ እኛም በእሷ ቦታ ሆነን አንፈርድም።

የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ነው። አለቃው የሴትን ልፋት በስማቸው አስጻፉ፤ ጸዳል ዳግመኛ እንዳይወሰድባት ደበቀች። የእሳቸው በደል የእሷን ጥፋት ወለደ፤ ጥፋቱን ግን ጽድቅ አላደረገውም። በሁለቱ መካከል የሞቱት እናቶች አለቃውንም አያውቁ፣ በማንም ላይ ቂም አልነበራቸውም። የሌላውን ድካም የራሱ የሚያደርግ ሰው አንድ ነገር ያተረፈ ይመስለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ስንት ነገር እንደተደበቀበት አያውቅም። የተበደለ ሰውም የበደለኝን ልቅጣ ብሎ በሩን ሲዘጋ፣ ደጅ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ምንም ያላደረገው ነው።

አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እውነት ነው። መድኃኒቱን የደበቀ ሰውስ ምን ይባላል? እስቲ ይህን ለራሳችን እንጠይቅ። እኛ ብቻ የምናውቀው፣ ነገ ምላሳችን ቢታሰር አብሮን የሚቀር ነገር ምንድን ነው? እሱን ባለመናገራችንስ፣ ጥፋት ሳይኖርበት ዛሬ የገዛ እጁን የሚጠራጠር ማን አለ?